የትከሻና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና፣ ማገገሚያውም፦ ከጅማ ሲታይ

ጅማ ውስጥ «እጄ ወለቀ» ብሎ የመጣ ሰው ትከሻውን ይዞ ሊሆን ይችላል። በእኛ አነጋገር እጅ ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ ነው። «ጅማት» ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ነው፤ አጥንትን ከአጥንት የሚያስረውም ጅማት ነው፤ አንዳንዴ ነርቩም ጅማት ይባላል። ለቡና ላይ ወሬ ችግር የለውም። ለቀዶ ሐኪም፣ በተለይም መጠይቅ ይዞ ለሚዞር ተመራማሪ ግን ሦስቱ ለየቅል ናቸው። አንዱ ሲበጠስ ይሰፋል። ሌላው ብዙ ጊዜ አርፎ ይድናል። ሦስተኛው ሲጎዳ ክንዱ ይደነዝዛል ወይም ይዝላል።

ይህ ዳሰሳ ስለ ትከሻና ስለ ሌሎች ትልልቅ መገጣጠሚያዎች ቀዶ ሕክምና ነው። ጥናቶቹ ምን አገኙ? ታካሚው እንዴት ያገግማል? ጅማ ላይስ ነገሩ ምን ይመስላል? ከወዲሁ ልናገር፣ ስለ ኦፕራሲዮኑ ከምጽፈው ይልቅ ስለ ማገገሙ የምጽፈው ይበዛል። ኦፕራሲዮኑ የሰዓታት ሥራ ነው። የቀረው በወራት የሚቆጠር ሲሆን የሚሠራውም ቤት ውስጥ ነው።

ትከሻ ለምን ይወልቃል?

ከሰውነታችን ትልልቅ መገጣጠሚያዎች እንደ ትከሻ በየአቅጣጫው የሚንቀሳቀስ የለም። እስክስታ የሚመታ ሰው ማየት ይበቃል። ለዚህ ነፃነቱ ግን ይከፍላል። የላይኛው ክንድ አጥንት ራሱ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ግን ጠባብና ጥልቀት የሌለው ነው። የዳሌው መገጣጠሚያ ሙቀጫ ውስጥ እንደገባ ዘነዘና ነው። የትከሻው ደግሞ ስኒ ማስቀመጫ ላይ እንደተቀመጠ ብርቱካን። ብርቱካኑን የሚይዙት በጎድጓዳው ዙሪያ ያለው ለስላሳ ጠርዝ፣ ሽፋኑና አራት ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው። አራቱ በጅማቶቻቸው ኳሱን እንደ ሸሚዝ እጅጌ ጫፍ ይከቡታል፤ ሐኪሞች ሮታተር ካፍ ይሏቸዋል።

ስለዚህ ከትልልቆቹ መገጣጠሚያዎች ቀድሞ የሚወልቀው ትከሻ ነው። ከ100 የትከሻ ውልቃት ከ90 በላይ የሚሆነው ወደ ፊት ነው። በወጣትነቱ አንዴ የወለቀበት ሰው ደግሞ እንደገና ሊወልቅበት ይችላል፤ ዕድሉም ትንሽ አይደለም። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ባንካርት በ1923 እ.ኤ.አ. ምክንያቱን አሳየ። ኳሱ ሲወጣ የጎድጓዳውን ጠርዝ ገንጥሎ ይሄዳል። ያ ጠርዝ ካልተመለሰ በሩ ክፍት ነው። ጠርዙን መልሶ የመስፋቱ ኦፕራሲዮን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። አጥንቱም አብሮ ከተፈረፈረ ፈረንሳዊው ላታርዤ በ1954 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዘዴ አለ። እዚያው አጠገብ ያለ ትንሽ አጥንት ከነጡንቻው ተቆርጦ የጎደለው ቦታ ላይ በብሎን ይታሰራል።

ወደ ኋላ የሚወልቀው ጥቂት ነው፤ ግን ተንኮለኛ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ ወይም ኤሌክትሪክ ሲይዝ ይከሰታል። ከአንድ አቅጣጫ ብቻ በተነሳ ራጅ ላይ ደህና መስሎ ያልፋል። ራጁ ከሁለት አቅጣጫ ይነሳ የሚባለው ለዚህ ነው።

ጅማና ወጌሻ

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሥሩ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመ ሆስፒታል ነው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ነው። ዛሬ ከካፋ፣ ከኢሉ አባቦራ፣ አንዳንዴም ከጋምቤላ ሪፈር ተጽፎለት የሚመጣ ታካሚ እዚህ ይደርሳል። የአጥንት ስፔሻሊስቶችም ይሠለጥኑበታል። ዩኒቨርሲቲው የሚያሳትመው የኢትዮጵያ ጤና ሳይንስ ጆርናልም አለ። ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ ልኮ የማስተማር ልማዱ የታወቀ ነው። ይህ ልማድ ለእኛ ርዕስ ትልቅ ነገር ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የጉዳቱ ምንጭ አያስደንቅም። ባጃጅና ሞተር ሳይክል አለ። ከዛፍ መውደቅ አለ። በአካባቢው ጫካ ማር የሚቆርጥ ሰው ቀፎውን ረጅም ዛፍ ላይ ነው የሚሰቅለው፤ የሚወጣውም በገመድ ነው። በቡና ለቀማ ወቅት ደግሞ ክንድ ቀኑን ሙሉ ከራስ በላይ ተዘርግቶ ቅርንጫፍ ይስባል። ይህ ትከሻ አያወልቅም፤ ግን ጅማቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይባላል። ተረቱ ሳይናገር የሚያምነው ነገር አለ፤ የእጅና የእግሩ ወለምታ ግን በቅቤ ይታሻል። የሚያሸው ወጌሻው ነው። ወጌሻን ማጣጣል ቀላል ነው፤ እኔ አልወደውም። ወጌሻው ሰፈር ውስጥ ነው፣ በበዓል ቀንም አለ፣ ክፍያው አይከብድም፣ አባትህንም አሽቷል። አንዳንዱ እጁ ጥሩ ነው፤ ትከሻ ይመልሳል። ችግሩ ውልቃቱ ከስብራት ጋር ሲመጣ ነው። ያኔ ሲጎተት ስብራቱ ይብሳል። የተጎዳ ክርን ሲታሽ ሲታሽ ደግሞ ጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊያበቅል ይችላል፤ ክርኑም ደርቆ ይቀራል። ከሁሉም የከፋው ጠበቅ አድርጎ በቀርከሃ ማሰር ነው። ደም ካልዘለቀ ጋንግሪን (የሥጋ መበስበስ) ይመጣል፤ መጨረሻው መቆረጥ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ የኢትዮጵያ ጥናት ለወጌሾች የአንድ ቀን ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጡ እጅና እግሮች መቀነሳቸውን አሳይቷል። አንድ ቀን ብቻ! ስለዚህ «ወጌሻ ጋ እንዳትሄዱ» ከሚለው ፖስተር ይልቅ ወጌሻውን ራሱን ጠርቶ ማነጋገሩ ያዋጣል ባይ ነኝ።

ሌላው ነገር ጊዜ ነው። ትኩስ ውልቃት በማደንዘዣ ሳይቀደድ ሊመለስ ይችላል። ሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ካለፈው ግን ቦታው በጠባሳ ይሞላል፤ በጉልበት ሲመለስ አጥንት ሊሰበር፣ ደም ሥር ሊበጠስ ይችላል። ያኔ መክፈት ግድ ይሆናል። ቅቤ እየተቀባ የከረመ ትከሻ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው።

ጥናቶቹ ያስተማሩት

የሰው ሠራሽ ትከሻ ታሪክ ረጅም ነው። ፈረንሳዊው ፔያን በ1893 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ትከሻውን ቲቢ ለበላው ዳቦ ጋጋሪ ከፕላቲነምና ከጎማ የተሠራ መገጣጠሚያ አስገባ። ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ በኢንፌክሽን ምክንያት ወጣ። በዳሌ በኩል እንግሊዛዊው ቻርንሌይ በ1962 እ.ኤ.አ. መንገዱን አስተካከለ። በ1985 እ.ኤ.አ. ደግሞ ግራሞን የተባለ ፈረንሳዊ ነገሩን ገለበጠው፤ ኳሱን በጎድጓዳው ቦታ፣ ጎድጓዳውን በኳሱ ቦታ አደረገ። አራቱ ጡንቻዎች የተበጠሱበት ሰው በትልቁ የትከሻ ጡንቻ ብቻ ክንዱን ማንሳት ቻለ።

እኔን የሚገርሙኝ ግን «ሳይቀደድስ?» ብለው የጠየቁት ጥናቶች ናቸው። በ2015 እ.ኤ.አ. ብሪታንያ ውስጥ የላይኛው ክንድ አጥንታቸው ትከሻው ሥር ተሰብሮ የተንሸራተተባቸው 250 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ። ግማሾቹ ኦፕራሲዮን ሆኑ፤ ግማሾቹ ክንዳቸውን በጨርቅ አንጠልጥለው ቆዩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ሌላው ጥናት ይበልጥ ደፋር ነው። ትከሻ ውስጥ በካሜራ እያዩ አጥንት በመፋቅ ሕመም ያስታግሳል የተባለውን ኦፕራሲዮን ከማስመሰያ ኦፕራሲዮን ጋር አወዳደረ። 313 ሰዎች ተሳተፉ። ካሜራው ገብቶ ምንም ሳይፋቅ የወጣላቸውም እኩል ተሻላቸው። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ትከሻቸው የደረቀባቸው 503 ሰዎች ላይ ሦስት ሕክምናዎች ተወዳደሩ፤ አንዱ ፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና) ነበር። ከሦስቱ አንዱም ሌሎቹን በግልጽ አልበለጠም። በነገራችን ላይ ትከሻ መድረቅ ስኳር ሕመም ያለበትን ሰው አብዝቶ ያጠቃል።

ይህ ለጅማ ታካሚ ትልቅ ዜና ነው። ፕሌትና ብሎን ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ገንዘብ አሰባስቦ የሚገዛው ዕቃ ነው። በሬ ሸጦ የሚያስገባው ብረት ካለብረቱ የሚገኘውን ያህል ብቻ የሚሰጠው ከሆነ ሊነገረው ይገባል። ግን ጥንቃቄ አለው። የ250ዎቹ ጥናት ከስብራቱ ጋር ትከሻቸው የወለቀባቸውን አላካተተም። ደግሞም ኦፕራሲዮን ያልሆኑት ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ፊዚዮቴራፒ አግኝተዋል። «መቀደድ አያስፈልግም» ብሎ ያለ ፊዚዮቴራፒ ወደ ቤት መስደድ የጥናቱን ግማሽ ብቻ ማንበብ ነው።

ቤት ውስጥ ያለው ወር

የተሰፋ ጅማት አጥንት ላይ በደንብ እስኪይዝ 12 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ቀጠሮው ሁሉ የሚሰላው ከዚህ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ክንዱ ይንጠለጠላል። ነጠላም ይሠራል፤ ቋጠሮው አንገት ላይ ባያርፍ ነው የሚሻለው። በዚህ ጊዜ ታካሚው ክንዱን በራሱ ጉልበት አያነሳም። ዝም ብሎም አያስቀምጠውም። ጎንበስ ብሎ ገመድ ላይ እንደተንጠለጠለ ባልዲ ያወዛውዘዋል። ጣቶቹን፣ አንጓውን፣ ክርኑን ያንቀሳቅሳል። ከስድስት ሳምንት በኋላ በራሱ ማንሳት ይጀምራል። ማጠንከር የሚመጣው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ከባድ ሸክም ከአራት እስከ ስድስት ወር ይቆያል። ይህ በየኦፕራሲዮኑ ይለያያልና ሐኪሙ የሰጠው ይቀድማል።

መሣሪያ አያስፈልግም። ማገር ላይ ገመድ አሳልፎ በደህናው እጅ የታመመውን ወደ ላይ መሳብ ይቻላል። ግድግዳ ላይ ጣትን እንደ ሸረሪት እያስኬዱ የደረሱበትን በከሰል ምልክት ማድረግም ይቻላል። ነገ ከምልክቱ በላይ ነው። እንቅልፍ ያስቸግራል፤ ጀርባ ሥር ጋቢ ደራርቦ ከፊል ተቀምጦ መተኛት ይረዳል።

ትልቁ እንቅፋት ደግነት ነው። ጠያቂው ይመጣል፤ «ኧረ እንዳትነካው!» ይላል። አስታማሚዋ ታጎርሳለች፣ ታለብሳለች። ሦስት ወር እንዲህ የተያዘ ትከሻ ስፌቱ ቢይዝም ደርቆ ይገኛል። ተቃራኒውም አለ፤ ሕመሙ ሲለቀው በአራተኛው ሳምንት ጀሪካን የሚያነሳ። ቁስሉ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ጣት ከደነዘዘ ቀጠሮ አይጠበቅም። ቁስል ላይ ቅቤ መቀባትማ አይሞከርም።

መለኪያው የማን ነው?

«ተሻለው» የሚለው ቃል ለጥናት አይበቃም። በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮንስታንት መለኪያ ከ100 ነጥብ ይሰጣል፤ 15ቱ ለሕመም፣ 20ው ለዕለት ኑሮ፣ 40ው ለእንቅስቃሴ፣ 25ቱ ለጉልበት። ዳሽ የሚባለው ሌላ መጠይቅ ደግሞ 30 ጥያቄዎች አሉት። ከጥያቄዎቹ አንዱ ጎልፍና ቴኒስን ምሳሌ ያደርጋል። በጅማ ዞን የጎማ ወረዳን ቡና ለቃሚ ስለ ጎልፍ ጠይቀህ ምን ትጽፋለህ?

እዚህ ላይ የጅማ ልማድ ይጠቅማል። ተማሪው ቤት ድረስ ከሄደ ሴትየዋ አክንባሎ ስታነሳ ያያል። ሙቀጫ መውቀጥ ቻለች? ልጅ አዝላ አንቀልባውን ከኋላ አሰረች? ሰውየው ለሶላት ሲቆም ሁለት እጁን እኩል ወደ ጆሮው አነሳ? ሲሰግድ መዳፉ ላይ ክብደት ጣለ? እነዚህ ትክክለኛ የትከሻ ፈተናዎች ናቸው። ጥያቄዎቹም በአማርኛ ብቻ አይበቁም፤ አብዛኛው የገጠር ታካሚ የሚመልሰው በአፋን ኦሮሞ ነው።

የዳሌ መገጣጠሚያ የተቀየረለት ሰው ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው። ብዙ ሐኪሞች ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዳሌ ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳይታጠፍ ያዛሉ። እግር ማነባበርም ይከለክላሉ። ጅማ በእንጨት ሥራዋ የታወቀች ናት፤ በርጩማዋ ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። ቡና የሚጠጣው እዚያ ላይ ነው። ሽንት ቤቱ የቁጢጥ ነው። «ዝቅ ብለህ አትቀመጥ» ያለው ሐኪም የት እንዲቀመጥ ካልነገረው ሰውየው ማታውኑ በርጩማው ላይ ነው። ከፍ ያለ ወንበርና መሐሉ የተቀደደ ወንበር ለሽንት ቤት፣ አንድ አናጺ በአንድ ቀን ይሠራቸዋል።

ከሆስፒታሉ ርቆ ከሚኖር ታካሚ ጋር የቀጠሮ ጉዳይም አለ። አስቸኳይ ያልሆነ የትከሻ ኦፕራሲዮን መቼ ይሁን? መስከረም ላይ ከሆነ ስድስተኛው ሳምንት ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ ይውላል፤ ክንዱን ማንሳት የሚጀምረው ቡናው ሲቀላ ነው፣ ቅርንጫፍ መሳብም ያምረዋል። ከለቀማው በኋላ ጥር ላይ ከሆነ ስድስት ወሩ ሐምሌ ላይ ይሞላል። ለቀጣዩ ለቀማ ሦስት ወር ይተርፈዋል።