የድሬዳዋ ግሩፖች ለምን ይደምቃሉ፣ ለምንስ ይሞታሉ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በድሬዳዋ የሰፈር፣ የእድር፣ የቀድሞ ተማሪዎች ወይም የሻጭና የገዥ የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ ግሩፕ የሌለበት ስልክ ማግኘት ያስቸግራል። ከእነዚህ ግሩፖች አንዳንዶቹ ዓመታትን ተሻግረው ሰው የሚመካከርባቸውና የሚረዳዳባቸው ሆነው ሲቀጥሉ፣ ሌሎቹ በጥቂት ወራት ውስጥ የማስታወቂያ ማራገፊያ ወይም የስድብ መድረክ ይሆናሉ፤ የሚበዙት ግን ማንም ሳይዘጋቸው ዝም ብለው ይቀራሉ። የልዩነቱ ምክንያት ሲጠየቅ በከዚራም ሆነ በሳቢያን ሰፈር ተመሳሳይ መልሶች ይሰማሉ። መልሶቹ የሚጋሩት አንድ መሠረታዊ ስሕተት ያለ ይመስለኛል፤ ይኸውም ግሩፕ አንዴ ከተከፈተ በኋላ በራሱ የሚሄድ ነገር ተደርጎ መታየቱ ነው።

«አባል ከበዛ ግሩፑ አድጓል ማለት ነው»

የቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200,000 አባላት ሊይዝ ይችላል፤ የዋትስአፕ ጣሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ 1,024 ሆኗል። ብዙ አስተዳዳሪዎች ይህን ጣሪያ መሞላት ያለበት ቦታ አድርገው ስለሚያዩት የመግቢያ ሊንኩን ባገኙት ቦታ ሁሉ ይበትናሉ። ሆኖም የድረ ገጽ አጠቃቀም አጥኚው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2006 ባቀረበው ግምታዊ ስሌት መሠረት፣ በበይነመረብ ላይ ከተሰባሰቡ 100 ሰዎች መካከል 90ዎቹ የሚያነቡ ብቻ ናቸው፤ 9ኙ አልፎ አልፎ ይጽፋሉ፤ አብዛኛውን ጽሑፍ የሚያቀርበው ቀሪው 1 ሰው ነው። ስሌቱ ለሁሉም ቦታ የሚሠራ ሕግ ባይሆንም፣ የ300 ሰው የሰፈር ግሩፕ በአራት ወይም በአምስት ሰዎች ትከሻ ላይ የቆመ መሆኑን ግሩፕ የመራ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ በሊንክ የመጡ 3,000 እንግዶች ሲገቡ ሊጠየቅ የሚገባው፣ እነዚያ አራት አምስት ሰዎች አሁንም ለመጻፍ ፈቃደኛ ናቸው ወይ የሚለው ነው።

ይህ ችግር ከቴሌግራም በፊትም ታይቷል። ዩዝኔት በተባለው የቀድሞ የውይይት መረብ ላይ በየዓመቱ መስከረም የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሲከፈቱ አዳዲስ ተማሪዎች ይገቡ ነበር፤ ነባሮቹም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሥርዓቱን ያስለምዷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1993 በኋላ ግን የበይነመረብ አገልግሎት የሚሸጡ ኩባንያዎች ደንበኞቻቸውን በብዛት ማስገባት በመጀመራቸው የአዲስ ሰው መምጣት ወቅት የለሽ ሆነ፤ ነባሮቹም ዘመኑን «ማብቂያ የሌለው መስከረም» ብለው በምሬት ጠሩት። በዚያ መረብ ላይ ጉዳት ያደረሰው የአባላቱ ቁጥር ብቻውን አልነበረም፤ አዲሱ ሰው የሚገባበት ፍጥነት ነባሩ ሰው ከሚያስለምድበት ፍጥነት በመብለጡ ነው።

«የማይጽፍ አባል ይውጣ»

ይህ ማስፈራሪያ በየጊዜው በሰፈር ግሩፖች ውስጥ ይለጠፋል። ውኃ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ለማወቅ ብቻ የሚገባ አባት፣ በአደባባይ መጻፍ የማይመቻቸው ነገር ግን ለአስተዳዳሪው በውስጥ መስመር ጠቃሚ ጥቆማ የሚልኩ እናት፣ ሁለቱም በዚህ መለኪያ ተባራሪ ይሆናሉ። ዝምተኛው አንባቢ የጸሐፊው አድማጭ ስለሆነ፣ እርሱን ያባረረ ግሩፕ ለሚጽፉትም የመጻፍ ምክንያት ያሳጣቸዋል።

«ሕግ ሲበዛ ሰው ይሸሻል»

ከሁሉም አመለካከቶች በስፋት የሚታመነው ይህ ይመስለኛል፤ በማስረጃ በግልጽ የተፈተነውም እርሱ ነው። ተመራማሪው ጄ. ናታን ማቲያስ ሬዲት በተባለው የመወያያ ድረ ገጽ ላይ በሚገኝ፣ 13 ሚሊዮን ተከታዮች በነበሩት የሳይንስ መወያያ ውስጥ ያካሄደውን ሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2019 አሳትሟል። ሙከራው 2,190 ውይይቶችን ያካተተ ሲሆን፣ በዕጣ በተመረጡት ላይ የማኅበረሰቡ ደንብ ከውይይቱ አናት ላይ እንዲታይ ተደረገ፤ በቀሩት ላይ አልተደረገም። ደንቡ በታየበት ቦታ ደንብ አክብረው የጻፉ አዲስ ሰዎች ድርሻ ከ8 መቶኛ ነጥብ በላይ ጨመረ። ከዚህ ይልቅ ብዙዎችን ያስገረመው ሁለተኛው ውጤት ነው፤ የአዲስ ገቢዎች ተሳትፎ በአማካይ በ70 በመቶ ከፍ አለ። ሕግ ያሸሻቸዋል የተባሉት ሰዎች ሕጉን ሲያዩ በብዛት ጻፉ ማለት ነው።

ውጤቱ ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመገመት አያዳግትም። ሰው በማያውቀው ስብሰባ ላይ የሚፈራው መሳለቂያ መሆንን ወይም መሰደብን ነው፤ ምን እንደሚፈቀድና ምን እንደማይፈቀድ አስቀድሞ ሲያውቅ፣ ተላላፊውንም የሚመልስ ሰው እንዳለ ሲረዳ ይደፍራል። በአብዛኛዎቹ የእኛ ግሩፖች ግን ደንቡ የሚነገረው ከተጣሰ በኋላ ሲሆን፣ የሚነገረውም በቁጣ ነው። የቡና ማስታወቂያ የለጠፈ አዲስ አባል «ይህ የሽያጭ ቦታ አይደለም!» ተብሎ በሕዝብ ፊት ሲገሠጽ፣ ተግሣጹን ያዩ ሌሎች አዲሶችም ሐሳባቸውን በሆዳቸው ይዘው ይቀመጣሉ። አምስት መስመር ያልበለጠ ደንብ ጽፎ ከግሩፑ አናት ላይ ፒን ማድረግ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ርዝመቱ ግን ወሳኝ ነው፤ ሦስት ገጽ የሚሞላ መመሪያ የሚጽፉ አስተዳዳሪዎችም አሉ፤ እርሱን ከጸሐፊው በቀር ማንም አያነበውም።

«አጥፊን ወዲያው ማስወጣት ግሩፑን ያስከብራል»

እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም፣ የጋራ መስኖን፣ የግጦሽ መሬትንና የዓሣ ማስገሪያን ለረጅም ዘመን ሳያበላሹ የተጠቀሙ ማኅበረሰቦችን አጥንታ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የሚጋሯቸውን መርሆች አስቀምጣ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ቅጣት ደረጃ በደረጃ መሆን እንዳለበት የሚገልጸው ነው፤ ሌላው ደግሞ አባላት ጠባቸውን በቅርብና በትንሽ ወጪ የሚፈቱበት መንገድ መኖሩ ነው።

ይህን ለመረዳት የድሬዳዋ ሰው ርቆ መሄድ አያስፈልገውም። በእድር ለቅሶ ላይ የዘገየ ጥቂት ይቀጣል፤ የቀረ ከዚያ በላይ ይከፍላል፤ መዋጮ ያስቆለለ በኮሚቴው ፊት ተጠርቶ ይጠየቃል፤ ከእድር መሰረዝ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። በሐረር ጁገል ውስጥ ያሉት አፎቻ የሚባሉ የመረዳጃ ማኅበራትም፣ የወንዶቹም ሆኑ የሴቶቹ፣ በሠርግና በሐዘን የመገኘትን ግዴታ ከትውልድ ትውልድ ያስተላለፉት ግዴታው ለሁሉም አባል የታወቀ በመሆኑ ነው። በእድሩ እንዲህ ታጋሽ የሆነው ሰው ቴሌግራም ላይ አስተዳዳሪ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ስሕተት አባልን በአንድ ንክኪ የሚያስወጣበት ምክንያት ቀላል ነው። ከእድር ማስወጣት ስብሰባና ፊት ለፊት መነጋገር ይጠይቃል፤ ከግሩፕ ማስወጣት ግን ምንም አይጠይቅም። ስለዚህ አስተዳዳሪው መሣሪያው ያላስቀመጠውን መሰላል ራሱ መሥራት ይኖርበታል፤ መጀመሪያ በውስጥ መስመር ማስታወስ፣ ቀጥሎ ለአንድ ቀን ወይም ለአንድ ሳምንት ከመጻፍ ማገድ፣ በመጨረሻም ማስወጣት። ቴሌግራም አባልን ሳያስወጡ ለተወሰነ ጊዜ ከመጻፍ ብቻ ማገድ ስለሚያስችል መካከለኛው እርከን ከባድ አይደለም። አጭበርባሪና የብልግና ምስል ለጣፊ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ ለእነርሱ መሰላል አያስፈልግም።

የችኮላ ቅጣት ዋጋ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ላይ በጉልህ ታይቷል። የንቁ አርታኢዎቹ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2007 ከፍተኛው ላይ ደርሶ ከዚያ በኋላ ማሽቆልቆል ጀመረ። አሮን ሃልፋከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባቀረቡት ጥናት እንዳሳዩት፣ አጥፊዎችን ለመከላከል የተዘረጋው ጥብቅ አሠራርና ጽሑፍን በፍጥነት የሚሽሩ መሣሪያዎች በቅን ልቦና የመጡ ጀማሪዎችንም ይመቱ ስለነበር፣ እነዚህ ጀማሪዎች ተስፋ ቆርጠው ይሄዱ ነበር።

«ስድብ የሚመጣው ከሐሰተኛ ስም ነው»

ደቡብ ኮሪያ ይህን አመለካከት በሕግ ደረጃ ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ብዙ ጎብኚ ያላቸው ድረ ገጾች የጸሐፊዎችን ትክክለኛ ማንነት እንዲያረጋግጡ አስገደደች፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ግን የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት፣ ሕገወጥ ጽሑፎች በጉልህ አለመቀነሳቸውን ጠቅሶ ሕጉን ሻረው። በድሬዳዋም ቢሆን ግሩፕ ያፈረሱ ከባድ ጠቦች በአብዛኛው በስምና በቤት በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል የተነሡ ናቸው፤ የልጅነት ቅሬታ፣ የቦታ ክርክር፣ የምርጫ ቂም በሙሉ ስምና በፎቶግራፍ ታጅቦ ይቀርባል። ስም መጠየቅ ገንዘብ በሚንቀሳቀስበት የሽያጭ ግሩፕ ተገቢ ነው። ጨዋነትን ግን የሚያመጣው በተደጋጋሚ የሚታይ ምሳሌና ጊዜውን የጠበቀ ማሳሰቢያ ነው።

«ግሩፑ በአንድ ቋንቋ ብቻ ካልተጻፈ ይበታተናል»

አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ በአንድ ሻይ ቤት በሚሰሙባት ከተማ ይህ አመለካከት መሠረት የሌለው መሆኑ ግልጽ ሊሆን ይገባው ነበር። የድሬ ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ቋንቋ ቢያቀላቅል ማንም አይደነግጥም፤ በጽሑፍም እንዲሁ ነው። አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ አስተዳዳሪዎቹ የማያነቡት ቋንቋ በግሩፑ ውስጥ ሲጻፍ፣ በዚያ ቋንቋ የሚተላለፈውን ጥላቻም ሆነ ማጭበርበር የሚያይ ዓይን አይኖርም። ፌስቡክ በምያንማር የገጠመው ይኸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ላይ በበርማ ቋንቋ የተጻፉ ችግር ያለባቸውን ልጥፎች የሚገመግሙ ሁለት ሰዎች ብቻ እንደነበሩት ሮይተርስ እ.ኤ.አ. በ2018 ዘግቧል፤ ኩባንያውም በዚያው ዓመት በአገሪቱ በቂ ሥራ አለመሥራቱን አምኗል። የሰፈር ግሩፕ ይህን ችግር በቀላሉ ሊፈታው ይችላል። ከአስተዳዳሪዎቹ መካከል ቢያንስ አንድ ኦሮምኛ፣ አንድ ሶማልኛ የሚያነብ ሰው ማካተትና አምስቱን የደንብ መስመሮች በየቋንቋው መለጠፍ ይበቃል።

«ቶሎ የሚያሳውቅ ግሩፕ ጥሩ ግሩፕ ነው»

በደጋው ላይ የሚጥለው ዝናብ፣ ከተማዋ ደረቅ ሆና ሳለ የደቻቱን ወንዝ በአጭር ጊዜ ሊሞላው እንደሚችል የድሬዳዋ ነዋሪ ያውቃል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ስለዚህ ክረምት ሲገባ «ጎርፍ መጣ!» የሚል መልእክት የሚላክበት ፍጥነት ነፍስ ሊያድን ይችላል፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን ሰዓትና ቦታ ያልተጻፈበት መልእክት ከግሩፕ ወደ ግሩፕ እየተላለፈ በማግሥቱም፣ በሦስተኛው ቀንም እንደ አዲስ ይደርሳል፤ የባለፈው ዓመት ቪዲዮ የዛሬ ተደርጎ ይለጠፋል። ሁለት ሦስት ጊዜ በከንቱ የሮጠ ሰው በአራተኛው እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ከአልጋው ላይነሣ ይችላል። «ሰዓቱን፣ ቦታውንና በዓይንህ ያየኸው መሆኑን ጻፍ» የሚል አንድ ደንብ ፍጥነቱን በግማሽ ደቂቃ ቢቀንሰው ነው። የተሳሳተው መልእክት ሲገኝም ዝም ብሎ ከማጥፋት ይልቅ መሳሳቱን በግልጽ መጻፍ ይሻላል፤ ምክንያቱም መልእክቱ ከዚያ ግሩፕ ቢጠፋም በሌሎች ውስጥ መዞሩን ይቀጥላል፤ መልእክቱ በሌላ በኩል የደረሰው አባል ማስተባበያውን የሚፈልገው እዚህ ነው።

«ግሩፑ የከፈተው ሰው ንብረት ነው»

ብዙ ግሩፖች የሞቱት በጠብ ሳይሆን በድካም ነው። የከፈተው ሰው ለዓመታት ብቻውን ማስታወቂያ ሲያጠፋ፣ «ባቡሩ ስንት ሰዓት ይነሣል?» ለሚለው ተመሳሳይ ጥያቄ መቶ ጊዜ መልስ ሲሰጥና ጠብ ሲያበርድ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ሥራ ሲበዛበት ወይም ወደ ጅቡቲ ሲሻገር ግሩፑን የሚጠብቅ ሰው አይኖርም። እርሱ ላይ ቂም የያዙትም «የግል ንብረቱ አደረገው» እያሉ ሌላ ይከፍታሉ፤ ሁለቱም ይመነምናሉ። ሥልጣኑን አሳልፎ አለመስጠቱ የሚያስከትለው ጣጣም አለ፤ ስልኩን ከነቁጥሩ ቢያጣ አዲስ አስተዳዳሪ የሚሾም አይገኝም። ቴሌግራም የባለቤትነት መብትን ለሌላ አስተዳዳሪ ማስተላለፍ ይፈቅዳል፤ ለዚህ የሚጠይቀው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ቀደም ብሎ መብራት አለበት፤ ማረጋገጫው በዚያው ሰሞን የተከፈተ ከሆነ ዝውውሩ ወዲያው አይፈቀድም። ሦስት አስተዳዳሪዎች ሥራውን በሳምንት ተከፋፍለው የሚይዙበት፣ በዓመት አንድ ጊዜም ከአባላቱ መካከል አዲስ ሰው የሚተካበት አሠራር ለእድር ዳኛና ጸሐፊ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ግሩፑን የከፈተው ሰው ይህን ገና ሳይሰለች፣ ግሩፑም ገና ደማቅ ሳለ ሊያደርገው ይገባል።