የዘርፍ ማህበር ምንድን ነው? የቴሌቪዥንና የቤት ኤሌክትሮኒክስ ተፎካካሪዎች ለምን አብረው ይቀመጣሉ?

ጎንደር ላይ «ማህበር አለን» ስትሉ እያንዳንዱ ሰው የሚረዳው የራሱን ነው። እናቴ የጽዋ ማህበር ትመስላታለች። ከሱቄ ጎን ብረት የሚበይደው ልጅ ከጓደኞቹ ጋር በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቶ ትርፍ የሚካፈልበትን ያስባል። የሕግ ሰው ከጠየቃችሁ ደግሞ «የንግድ ማህበር» በንግድ ሕጋችን ኩባንያ ማለት ነው፤ አክሲዮን ማህበሩም ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበሩም እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ዛሬ የማብራራው ከእነዚህ ሁሉ የተለየውን የዘርፍ ማህበርን ነው።

የዘርፍ ማህበር በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ ያሉ፣ ገበያ ላይ የሚፎካከሩ ድርጅቶች ወይም ባለሙያዎች የሚያቋቁሙት ነው። ትርፍ አያካፍልም። አባላቱ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ማህበሩም ለአንዱ ብቻውን የማይቻለውን ይሠራላቸዋል። የሥራ ደረጃ ያወጣል፣ ያሠለጥናል፣ ኤግዚቢሽን ያዘጋጃል፣ መንግሥት ፊት ቀርቦ ይናገራል። እድርን ለሚያውቅ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ ድንኳንና ብረት ድስት እያንዳንዱ ቤት ለብቻው አይገዛም። ነገር ግን እድርተኞች ጎረቤታሞች ናቸው፤ የዘርፍ ማህበር አባላት ከስብሰባው ወጥተው ደንበኛ የሚሻሙ ናቸው። እኔን የሚገርመኝም ይኸው ነው።

ከቴሌቪዥናችሁ ኋላ ያለውን ባለሦስት ቀለም ገመድ እዩት። ቢጫው ምስል፣ ነጩ የግራ ድምፅ፣ ቀዩ የቀኝ ድምፅ ነው። ሪሲቨሩ ከአንድ ፋብሪካ፣ ቴሌቪዥኑ ከሌላ ቢመጣም ቢጫው ቢጫው ላይ ይሰካል። እያንዳንዱ አምራች የራሱን ቀለም ቢመርጥ ኖሮ ልጠግን የሰው ቤት ገብቼ የማጠፋው ጊዜ እጥፍ ይሆን ነበር። የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ አምራቾች ማህበር ይህን የቀለም ልማድ ቁጥር 863 በተባለው ደረጃው በጽሑፍ አስፍሮታል።

ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚሆነውንም ታሪክ ያሳየናል። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1975 ቤታማክስ የተባለውን የቪዲዮ ካሴት አወጣ፤ ጄቪሲ በ1976 ቪኤችኤስን ይዞ መጣ። የአንዱ ካሴት በሌላው ማጫወቻ አይገባም። ለዓመታት ተፋለሙ፤ በመጨረሻ ቪኤችኤስ ሲያሸንፍ ቤታማክስ የገዛው ቤተሰብ አዲስ ፊልም የማይገኝለት ማሽን ታቅፎ ቀረ። ለኩባንያዎቹ ፉክክር ዋጋ የከፈለው ገዢው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ግን ሶኒ፣ በዚያ ዘመን የጄቪሲ ባለቤት የነበረው ማትሱሺታ፣ ቶሺባ፣ ሂታቺ፣ ፊሊፕስ፣ ቶምሰንና ሲሊከን ኢሜጅ ሰባት ሆነው ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ የሚያልፍበትን ኤችዲኤምአይን አወጡ። ዛሬ ፒያሳ ላይ የምትገዙት አንድ ገመድ ለሁሉም የሚሆነው ለዚህ ነው።

በዘርፉ ስሙ ከሚነሣው አንዱ የአሜሪካው ኮንሲዩመር ቴክኖሎጂ አሶሲዬሽን፣ በአጭሩ ሲቲኤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 የሬዲዮ አምራቾች ማህበር ሆኖ ተጀመረ፤ ዘርፉ ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከዚያም ወደ ኮምፒዩተርና ስልክ ሲሰፋ ስሙን ደጋግሞ ቀይሮ የአሁኑን የያዘው በ2015 ነው። በየዓመቱ ላስ ቬጋስ ላይ የሚደረገውን ሲኢኤስ የተባለ ትልቅ ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጀውም እሱ ነው፤ የመጀመሪያው በ1967 ኒው ዮርክ ውስጥ ተካሂዷል።

እኔ ይበልጥ የምቀርበው ሲዲያ የተባለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ ውስጥ ተመሠረተ፤ በአምራቾች ሳይሆን ቤት ለቤት ሄደው በሚገጥሙ ባለሙያዎች፤ ስፒከር፣ ካሜራ፣ ኔትወርክ፣ የቤት ሲኒማ በሚዘረጉ። ያሠለጥናል፣ ፈትኖ የብቃት ማረጋገጫ ይሰጣል። ካሜራው ወይም የኔትወርክ መውጫው በሕንፃ ፕላን ላይ በምን ምልክት እንደሚሣል ከሌሎች ማህበራት ጋር ደረጃ አውጥቷል። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ሌላ ሰው የዘረጋውን ገመድ ግድግዳ ውስጥ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ግን ዋጋው ይገባዋል።

ከእኛ ሀገርም ምሳሌ አለ፤ እያንዳንዱ ጣሪያ ላይ ይታያል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተመልካች ይሻማሉ፤ ሆኖም የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማህበር ከሉክሰምበርጉ የሳተላይት ኩባንያ ኤስኢኤስ ጋር ተስማምቶ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ባለው ሳተላይት ላይ ኢትዮሳት የተባለው የጣቢያዎቹ የጋራ ሥርጭት ተጀመረ። ያኔ ከማራኪ እስከ አዘዞ ጣሪያ ለጣሪያ ስወጣ ከረምኩ። ናይልሳትን ፍለጋ ወደ ምዕራብ ያይ የነበረ ዲሽ ሁሉ ወደ ምሥራቅ ዞረ። አንድ ጣቢያ ብቻውን ይህን ያህል ዲሽ አያዞርም።

የዘርፍ ማህበር ሁልጊዜ የሕዝብ ወገን ነው ማለቴ አይደለም። የሚቆመው ለአባላቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ አምራቾች መለዋወጫና የጥገና መመሪያ ለማንኛውም ጠጋኝ እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ሕግ ሲታሰብ፣ ሲቲኤ ደኅንነትን ምክንያት አድርጎ ተቃወመ። ጠጋኞቹም እ.ኤ.አ. በ2013 የራሳቸውን ማህበር አቋቁመው ተከራከሩ፤ ኒው ዮርክ በ2022 መጨረሻ፣ ሚኒሶታና ካሊፎርኒያ በ2023 ሕጉን አጸደቁ። እኔ ጠጋኝ ነኝና ልቤ ከማን ጋር እንደሆነ አልደብቅም። ሳይደራጁ ቢቀሩ ኖሮ ሕግ አውጪው ፊት የሚሰማው የአምራቾቹ ድምፅ ብቻ ይሆን ነበር።

አንድ ድንበርም አለ። አባላት ስለ ገመድ ቀለም፣ ስለ ሥልጠና፣ ስለ ዋስትና ወረቀት ቢስማሙ ደግ ነው። «ቴሌቪዥን ከዚህ ዋጋ በታች አንሸጥም» ብለው ከተማከሩ ግን ያ አድማ ነው፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዋጋ በስምምነት መወሰንን ይከለክላል።

እኛስ? የንግድና የዘርፍ ማህበራት ምክር ቤቶችን ለማቋቋም የወጣው አዋጅ ቁጥር 341/1995 መንገዱን ከከፈተ ብዙ ዓመት ሆነው። አራዳም ፒያሳም ያለን ጠጋኞችና ዲሽ ሰሪዎች ቡና ላይ እንገናኛለን፣ እቁብ እንጥላለን፣ የጎደለ ዕቃ እንዋዋሳለን፤ ስለ ሥራችን ግን አንድም የጋራ ደንብ የለንም። ባለፈው አንድ ባለአራት ፎቅ ቤት ተጠራሁ። ከጣሪያው የሚወርዱት ገመዶች አሥራ አንድ ናቸው፤ ሁሉም ጥቁር፣ አንዱም ምልክት የለበትም። ከእኔ በፊት ሦስት ሰዎች ሠርተውበታል። የትኛው ወደ የትኛው ቤት እንደሚሄድ ለመለየት አንድ በአንድ እየነቀልኩ፣ ከታች ልጅ «ጠፋ!» እያለ እየጮኸልኝ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። ተከራዮቹም ያን ሁሉ ሰዓት ያለ ቴሌቪዥን ዋሉ።

ስንሰበሰብ መጀመሪያ ላነሣ ያሰብኩት ይህን ነው፤ ማንኛችንም ገመድ ዘርግተን ስንወጣ በሁለቱም ጫፍ ላይ የቤቱን ቁጥር በፕላስተር እንጻፍ።