ከሸራ ላይ የተገዛ መድፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ቅዳሜ ከሰዓት የምግብ ጠረጴዛዬ የጦር ሜዳ ይሆናል፤ 28 ሚሊሜትር ቁመት ያላቸውን ወታደሮች አሰልፈን በሜትርና በሉዶ ዳይስ እንዋጋለን። ለጨዋታው የሚሆኑትን የአሻንጉሊት መድፎች የምገዛው ታክሲ መያዣው አጠገብ ሸራ አንጥፈው ከሚሸጡ ነጋዴዎች ነው። እነሱን ለጨዋታው ማዘጋጀት ቀላል ሥራ ነው፤ አስቸጋሪው ሰዎች ስለ ሥራው የሚያምኑት ነገር ነው።

«ርካሽ መድፍ ያው የልጅ መጫወቻ ነው።»

ጎረቤቴ እትዬ ባዩኝ ቁጥር «ለልጅ ነው?» ይሉኛል። ነገር ግን የርካሽ መድፍ አፈሙዝ ብዙ ጊዜ እንከን የለውም፤ አሻንጉሊት የሚያስመስለው መንኮራኩሩ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሜዳ መድፍ መንኮራኩር ቁመቱ 1.4 ሜትር ገደማ፣ ራጂው አብዛኛውን ጊዜ 12 ወይም 14 ነበር። የእኛ ወታደሮች ከእውነተኛ ሰው 56 ጊዜ ገደማ ስለሚያንሱ፣ መንኮራኩሩም በዚሁ በ1/56 መጠን ሲሰላ 25 ሚሊሜትር ይመጣል። ስለዚህ ገበያ ስሄድ አንድ ወታደር ኪሴ ውስጥ ይዤ እሄድና ከመንኮራኩሩ ጎን አቆመዋለሁ። ብብቱ ድረስ ከደረሰ የሜዳ መድፍ አገኘሁ ማለት ነው።

«መጠኑ ካልገጠመ መጣል ነው።»

እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። አንድ ጊዜ በሁለት ማኪያቶ ዋጋ አራት መድፍ ገዝቼ ቤት ስለካቸው መንኮራኩራቸው 17 ሚሊሜትር ብቻ ሆነ። ተናድጄ ካስቀመጥኳቸው በኋላ በ56 አባዛሁት፦ 95 ሴንቲሜትር። በበቅሎ የሚጫን የተራራ መድፍ ቁመት! ለአድዋ ከዚህ የተሻለ ምን እፈልጋለሁ? በቅሎዎቹን ደግሞ ከፈረስ አሻንጉሊት ጆሮ እያስረዘምኩ ሠራሁ። የእርሳስ መቅረጫ ሆኖ የሚሸጠው የብረት መድፍም ምላጩ ከተፈታ በኋላ ያገለግላል።

«ቀለም ሁሉን ይሸፍናል።»

የመጀመሪያ መድፌን ሳላጥብ ቀባሁት። ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ገና ሲያነሳው ቀለሙ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተገፎ ጣቱ ላይ ቀረ። ለስላሳው ፕላስቲክ ቀለምም ሙጫም አይወድም፤ ከማምረቻው የተረፈ ቅባትም አለበት። መጀመሪያ በእቃ ማጠቢያ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይታጠብ፤ ሲደርቅ በውሃ የቀጠነ የእንጨት ኮላ ይቀባ፤ ከዚያ አክሪሊክ ቀለም። መንኮራኩሩ በፈጣን ማጣበቂያ ብቻ ከተያያዘ ጠዋት ይዞ ማታ ይወድቃል። በጋለ መርፌ ቀዳዳ አበጅቼ ስፒል አስገባና በላዩ አጣብቃለሁ። መስኮት መክፈት አይረሳ፤ ጭሱ መጥፎ ነው።

«አድዋ ላይ መድፍ የነበረው ጣሊያን ብቻ ነው።»

ይህንን ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጣሊያን 56 መድፎች ይዞ ወጣ፤ ሁሉንም አጣ። ዳግማዊ ምኒልክም ቶሎ ቶሎ የሚተኩሱ የሆችኪስ መድፎች ነበሯቸው፤ መድፈኞቹን በጅሮንድ ባልቻ፣ በኋላ ደጃዝማች፣ ይመሩ ነበር። እንዲያውም በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ከግብጽ ጦር መድፍ ተማርኳል። የሐበሻውን ወገን በጦርና በጋሻ ብቻ የሚያሰልፍ ተጫዋች ገጥሞኝ ያውቃል፤ ሁለት መድፍ ሰጥቼው ነው ጨዋታው የተጀመረው።

ሴባስቶፖልን ጨምር የሚሉኝም አሉ። ጋፋት ላይ የተሠራው፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ያ መድፍ ከመቅደላ አልወረደም፤ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው ቅጂው ነው። መቅደላና አድዋን ደግሞ 28 ዓመት ይለያቸዋል።

«መድፉ ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ መምታቱ ማጋነን ነው።»

የተገላቢጦሽ ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር የሚተኩስ መድፍ በ1/56 ሲሰላ 54 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የጨዋታው ሕግ ርቀቱን ባይቀንሰው ኖሮ ጥይቴ በመስኮት ወጥቶ፣ የእትዬን የልብስ ማስጫ ገመድ አልፎ፣ ቀጣዩ ብሎክ ላይ ባረፈ ነበር።