ስለ ጎድዚላ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የጃፓን ፊልሞች ግዙፍ አውሬ የሆነውን ጎድዚላን በስም የማያውቅ ጥቂት ነው፤ ስለ እሱ የሚወራው ግን ብዙው የተሳሳተ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«የልጆች ፊልም ነው።» ከሁሉም የሚያሳዝነው ስህተት ይህ ነው። ማርች 1 ቀን 1954 አሜሪካ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ቢኪኒ ደሴቶች ላይ ያፈነዳችው የሃይድሮጅን ቦምብ አመድ ዳይጎ ፉኩርዩ ማሩ በምትባል የጃፓን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ ዘነበ። 23ቱም ሠራተኞች በጨረር ተጎዱ፤ የሬዲዮ ኦፕሬተሩ በሴፕቴምበር ሞተ። የመጀመሪያው የጎድዚላ ፊልም በዚያው ዓመት ኖቬምበር 3 ቀን ለእይታ ሲበቃ በድንገተኛ ብርሃን ተመትታ በምትቃጠል መርከብ መጀመሩ ምን እንደሚያስታውስ የቶኪዮ ተመልካች ወዲያው ተረድቶታል። በ1956 የወጣው የአሜሪካ ቅጂ ግን ስለ ቦምቡ የሚነሳውን አብዛኛውን ቆርጦ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ጨመረበት፤ ውጭ አገር ለዓመታት የታየውም እሱ ነው።

«ሰው የጎማ ልብስ ለብሶ ሲራመድ መቅረጽ ምን ያስቸግራል?» ብዙ ያስቸግራል። የልዩ ትዕይንት ኃላፊው ኤይጂ ጹቡራያ የ1933ቱ የግዙፉ ዝንጀሮ ፊልም «ኪንግ ኮንግ» አድናቂ ስለነበር አሻንጉሊት ፍሬም በፍሬም (ምስል በምስል) እያንቀሳቀሰ መቅረጽ ይወድ ነበር፤ ጊዜውም ገንዘቡም አልፈቀደም። የመጀመሪያው ልብስ ወደ 100 ኪሎ ይመዝን ስለነበር ተዋናዩ ሃሩኦ ናካጂማ ሊራመድበት አልቻለም። ተቆርጦ የአካል ክፍል ብቻ ለሚታይባቸው ትዕይንቶች ዋለ፤ ቀለል ያለ ሌላ ተሠራ።

ዋናው ብልሃት ግን ካሜራው ላይ ነው። 50 ሜትር ይሆናል የተባለውን ፍጡር 2 ሜትር ገደማ የሚሆን ልብስ ስለሚተካው ከተማው በ1/25 ልክ ይሠራል። እንዲህ ያለ ሞዴል ሕንፃ ሲፈርስ መሬት የሚደርሰው እውነተኛው ሕንፃ በሚፈጅበት ጊዜ አንድ አምስተኛ ነው (የመውደቂያ ጊዜ የሚቀንሰው በከፍታው ስኩዌር ሩት ልክ ነው፤ የ25 ስኩዌር ሩት ደግሞ 5 ነውና)። በተለመደው 24 ፍሬም በሰከንድ ቢቀረጽ መጫወቻ መሆኑ ያስታውቃል። ስለዚህ ካሜራው በሰከንድ ከዚያ የበለጠ ፍሬም ይቀርጽና በ24 ይታያል፤ ግንቡም እርምጃውም ክብደት የሚያገኘው በዚህ ነው።

«ጩኸቱ የአውሬ ድምፅ ነው።» የአውሬ ድምፅ ተሞክሮ አልሆነም። አቀናባሪው አኪራ ኢፉኩቤ ላላ የተደረገ የኮንትራባስ (ትልቅ ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ) ክር የጥድ ሙጫ በተቀባ የቆዳ ጓንት እንዲታሽ አደረገ፤ የተቀዳው ድምፅ ፍጥነቱ ተቀየረ።

«ቀለሙ አረንጓዴ ነው።» የመጀመሪያዎቹ ልብሶች ከሰል መሳይ ግራጫ ናቸው። አረንጓዴውን ያስለመዱት ፖስተሮችና የአሜሪካ ካርቱን ናቸው።

«በ1962ቱ የኪንግ ኮንግና የጎድዚላ ግጥሚያ ፊልም በጃፓኑ ቅጂ ጎድዚላ፣ በአሜሪካው ኪንግ ኮንግ ያሸንፋል።» ይህ በ1960ዎቹ የአሜሪካ መጽሔቶች ያራቡት ወሬ ነው። በሁለቱም ቅጂዎች ተያይዘው ባሕር ይገባሉ፤ ወጥቶ ወደ መኖሪያ ደሴቱ የሚዋኘው ኮንግ ብቻ ነው። ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ነው፦ በጃፓኑ የሁለቱም ጩኸት ይሰማል፣ በአሜሪካው የኮንግ ብቻ።

«ጃፓኖች ዛሬም በልብስ ነው የሚሠሩት።» ከ2016ቱ ፊልም ጀምሮ ፍጡሩ የኮምፒውተር ሥራ ነው። በ2024 የኦስካር የቪዥዋል ኢፌክት ሽልማት የወሰደው «ጎድዚላ ማይነስ ዋን» 610 የኢፌክት ሾቶች ነበሩት፤ የሠሯቸውም 35 ሰዎች ናቸው።