ገና በጅምሩ የተገኘ የፕሮስቴት ካንሰር፦ የጨረር ሕክምናዎቹ ከጎንደር ሲታዩ

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር ያለች፣ ትንሽ ሎሚ የምታህል የወንዶች ዕጢ ናት። ካንሰሩ ጅምር ላይ እያለ ብዙውን ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም። ፒኤስኤ የሚባለው የደም ምርመራ ጥርጣሬ ያስነሳል፤ የሚያረጋግጠው ከዕጢው የሚወሰደው ናሙና ነው።

ውጤቱን የሰማ ቤተሰብ ወዲያው ይደነግጣል፤ መሬት ሸጦም ቢሆን በማግስቱ ሊሄድ ይነሳል። እባካችሁ ረጋ በሉ። በእንግሊዝ 1,643 ወንዶች በሦስት ተከፍለው አንዱ ወገን ቀዶ ሕክምና፣ ሌላው ጨረር፣ ሦስተኛው ደግሞ የቅርብ ክትትል ብቻ ተደርጎላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የ15 ዓመት ውጤት እንዳሳየው፣ በሦስቱም ወገን በዚህ ካንሰር የሞቱት ከ100 ሰው 3 ገደማ ናቸው። ስለዚህ ካልተስፋፋ ለመምረጥ ጊዜ አለ። አንዳንዱ ሰው ጭራሽ ሕክምና ላያስፈልገው ይችላል።

ጨረር ከተመረጠ በብዛት የሚሰጠው ከውጭ ነው። ሰውየው አልጋ ላይ ይተኛል፣ መሣሪያው ዙሪያውን ይዞራል፣ ሕመም የለውም። በሰውነቱ ውስጥ የሚቀር ጨረርም የለም፤ ማታ የልጅ ልጁን አቅፎ ቢተኛ ችግር የለውም። ድሮ ይህ ሕክምና ከ37 እስከ 39 ጊዜ ይሰጥ ነበር፣ ሁለት ወር ገደማ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ትልቅ ጥናት 20 ጊዜ፣ ማለትም አራት ሳምንት፣ እንደሚበቃ አሳየ። በ2024 ደግሞ በጠባቡ ያነጣጠረ ጠንከር ያለ ጨረር 5 ጊዜ ብቻ ተሰጥቶ ረዘም ካለው ከተለመደው ጨረር ጋር ሲነጻጸር፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በሁለቱም ወገን ከ100 ሰው 95 ያህሉ ላይ ካንሰሩ እንዳልተመለሰ ታየ። የሽንት ችግር ግን 5 ጊዜ በወሰዱት ላይ ትንሽ በዛ ብሏል።

ለጎንደር ሰው ዋናው ልዩነት እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል። በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት ያለው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ጅማን የመሳሰሉት የተጨመሩት በቅርቡ ነው። አዲስ አበባ ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሁለት ወር ቤት ተከራይቶ፣ አስታማሚ ይዞ፣ አዝመራ ጥሎ መቀመጥና አራት ሳምንት መቀመጥ አንድ አይደለም። ሐኪሙን «ስንት ቀን ነው? ማጠር ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ ጾም። ጨረሩ ሲሰጥ ፊኛው በውኃ እንዲሞላ፣ አንጀቱ ደግሞ ባዶ እንዲሆን ይፈለጋል። ፊኛው ሲሞላ አንጀትን ከጨረሩ ያርቃል። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ የማይቀምሱ አባት ጠዋት ቀጠሮ ቢሰጣቸው ይህን እንዴት ያደርጉታል? ከንስሐ አባት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ነው፤ ለረመዳንም ያው። የሽሮውና የባቄላው ነፋትም ቀላል አይደለም። አንጀት በጋዝ ሲነፋ ፕሮስቴቷን ከቦታዋ ይገፋታል። ስለዚህ በእነዚያ ሳምንታት ምን እንደሚበላ ከሐኪሙ ጋር ይማከሩ።

ሌላው መንገድ ጨረሩን ከውስጥ ማድረግ ነው። የፎገራ ሩዝ ፍሬ የሚያክሉ፣ አዮዲን 125 የያዙ ቅንጣቶች በመርፌ ዕጢው ውስጥ ይቀበራሉ። ጉልበታቸው በየ60 ቀኑ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ቅንጣቶቹ ግን ዕድሜ ልክ እዚያው ይቀራሉ። መጀመሪያ አካባቢ ሕፃን ጭን ላይ አስቀምጦ መቆየት አይመከርም። ሽንት ቀድሞውኑ ለሚያስቸግረው ሰው ይህ መንገድ ብዙም አይመችም። ሌላው ዓይነት ደግሞ ኢሪዲየም 192ን ለደቂቃዎች አስገብቶ ያወጣል። የፕሮቶን ጨረር በኢትዮጵያ የለም። በ2024 ይፋ የሆነ ንጽጽርም ከተለመደው ዘመናዊ ጨረር የተሻለ ሆኖ አላገኘውም፤ ለእሱ ብሎ ውጭ አገር ለመሄድ ቤት መሸጥ ያሳዝነኛል።

በየትኛውም መንገድ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ማቃጠልና ድካም ሊኖር ይችላል፤ አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይቀላል። የወሲብ አቅም ግን ቀስ እያለ በዓመታት ሊዳከም ይችላል። ባልና ሚስት ይህን አስቀድመው ቢሰሙት ይሻላል።

ከጨረር በኋላ ፒኤስኤ በአንድ ጊዜ አይወርድም፤ ዝቅተኛው ላይ ለመድረስ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። በመሃል ትንሽ ከፍ ብሎ መልሶ ሊወርድም ይችላል። ሐኪም የሚያሳስበው ከደረሰበት ዝቅተኛ ቁጥር በ2 ጨምሮ ሲገኝ ነው። ይህ እንዲታወቅ የእያንዳንዱ ምርመራ ወረቀት፣ ቀኑ ተጽፎበት፣ በአንድ ክላሰር ይቀመጥ።