ከትምህርት ቤት ቡድን ያልተመረጠ ልጅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት ቡድን ብዙ ጊዜ የሚገባው በምዝገባ ሳይሆን በሙከራ ነው። ሙከራው፣ ልጆቹ ትራይአውት የሚሉት፣ ጥቂት ቀናት ይፈጃል፤ ከዚያ የተመረጡት ስም ይወጣል። አገር ቤት ሰፈር ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወት ላደገ ወላጅ፣ መጫወት የፈለገ ልጅ «አንተ አትገባም» ተብሎ መመለሱ እንግዳ ነገር ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ወይ «ተወው፣ ትምህርትህ ላይ አተኩር» ይባላል፣ ወይ አሠልጣኙ ይወቀሳል። በሁለቱም መሐል የሚባክነው ጊዜ ነው። ለልጁ የቀሩት በሮች አብዛኞቹ ክፍት የሚሆኑት ስም ዝርዝሩ በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ነውና፣ ከዚህ በታች ያሉትን የተሳሳቱ ሐሳቦች ቶሎ ማረም ይጠቅማል።

«ካልተመረጠ የዘንድሮው ስፖርት አበቃ»

አላበቃም። በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ማንንም የማይመልሱ ስፖርቶች አሉ፤ ልጆቹ ኖ ከት ይሏቸዋል። በብዙ ትምህርት ቤቶች አገር አቋራጭ ሩጫ (ክሮስ ካንትሪ)፣ አትሌቲክስና ትግል እንዲህ ናቸው፤ የአሜሪካ ፉትቦልም በብዙ ቦታ እንዲሁ ነው። የመዋኘት ስፖርት ግን እንደ ገንዳው ስፋት ይለያያል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ በአንድ ጊዜ ከአንድ ቡድን አምስት ልጅ ብቻ ይቆማል፤ ሩጫ ላይ ግን አንድ ልጅ መጨመር የማንንም ቦታ አይወስድም። በአገር አቋራጭ ዋናው ቡድን (ቫርሲቲ) ብዙውን ጊዜ ሰባት ሯጭ ያሰልፋል፣ ነጥብ የሚቆጠረው የመጀመሪያዎቹ አምስት ሲሆን ዝቅተኛ ድምር ያለው ያሸንፋል። የቀሩት በሁለተኛው ቡድን (ጄቪ) ውድድር ይሮጣሉ። ስለዚህ ቀርፋፋው ልጅ እንኳ መለያ ለብሶ ይወዳደራል። በትግል ደግሞ ውድድሩ በክብደት ምድብ ነው፤ ለወንዶች ቀላሉ ምድብ 106 ፓውንድ አካባቢ በመሆኑ ለቅርጫት ኳስ አጭር ነህ የተባለ ልጅ እዚያ የራሱ ቦታ አለው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ስም ዝርዝሩ በወጣ ማግስት ልጁ ራሱ (ወላጅ ሳይሆን) ለሌላው ስፖርት አሠልጣኝ ወይም ለትምህርት ቤቱ የስፖርት ኃላፊ አጭር ኢሜይል ይጻፍ፦ ስሙን፣ ክፍሉን፣ የጤና ምርመራ ቅጹን ቀደም ብሎ እንዳስገባ፣ ከነገ ጀምሮ ልምምድ መምጣት ይችል እንደሆነ። ለሙከራው ያስገባው ቅጽ ብዙውን ጊዜ ለሌላውም ስፖርት ያገለግላል። ሳምንት መቆየት ግን ያስከፍላል፤ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ልጁ ከመጀመሪያው ውድድር በፊት ማሟላት ያለበት የልምምድ ቀን ብዛት አለ።

ወቅቱንም አትርሱ። የትምህርት ቤት ስፖርት በአሜሪካ ወቅቶች፣ ማለትም በበልግ (ፎል)፣ በክረምት (ዊንተር) እና በጸደይ (ስፕሪንግ) ሦስት ጊዜ ይከፈላል፤ ሙከራውም በነሐሴ አጋማሽ፣ በኅዳር እና በየካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት መጀመሪያ አካባቢ ነው (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ወራቱ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። የእግር ኳስ ወቅት ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያያል፦ ሜሪላንድ በበልግ፣ ቨርጂኒያ በጸደይ፣ ካሊፎርኒያ በክረምት። ከሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ወደ አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) ቤት የቀየረ ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ ወይ ሙከራው ያመልጠዋል፣ ወይ በከንቱ በነሐሴ ይዘጋጃል።

«ሐበሻ ነው፤ ሩጫ በደሙ አለ»

ይህ ሐሳብ ከአሠልጣኞችም ከዘመዶችም ይመጣል፤ ልጁን የሚጎዳውም ሁለት ጊዜ ነው። ቢያሸንፍ ድካሙ አይታይለትም፣ ቢሸነፍ ያፍራል። ከበቆጂና ከአሰላ የሚወጡት ሯጮች ከፍታ ላይ ያደጉ፣ ለዓመታት በቡድን የሰለጠኑ ናቸው፤ ዳላስ ውስጥ በመኪና ትምህርት ቤት የሚመላለስ ልጅ ሰውነት ያንን ልምምድ አልወሰደም።

ኳስ ሲጫወት የቆየ ልጅ ሳንባው ለሩጫ ይደርሳል፣ የቅልጥሙ አጥንት ግን አይደርስም። አጥንትና ጅማት ከልብና ከሳንባ ይልቅ ቀስ ብለው ስለሚላመዱ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት የቅልጥም ሕመም ይመጣል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ብቻ፣ በየቀኑ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ እያወራ መሮጥ በሚችልበት ፍጥነት ይሩጥ፤ የቡድኑ ልምምድ ከዚህ ከበለጠ አዲስ መሆኑን ለአሠልጣኙ ይንገር። የመጫወቻ ታኬታ ወይም የቅርጫት ኳስ ጫማ አይሆንም፤ የሩጫ ጫማ ያስፈልጋል፣ እሱም ከ300 እስከ 500 ማይል ከሮጠ በኋላ ይቀየራል። ሕመሙ በአንዲት የአጥንት ነጥብ ላይ ከሆነና ሲራመድም ካልለቀቀው ሩጫውን አቁሞ ሐኪም ይየው፤ የአጥንት መሰንጠቅ ሊሆን ይችላል።

«አሠልጣኙ ልጄን ጠልቶት ነው»

አድልዎ ጭራሽ የለም ማለት አይቻልም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ውሳኔውን የሚወስነው ቁጥር ነው። የቅርጫት ኳስ ቡድን ከ12 እስከ 15 ልጅ ይይዛል፤ ካለፈው ዓመት ስምንት ወይም ዘጠኝ ከተመለሱ ለአዲስ የሚቀረው ጥቂት ነው። ዕድሜም አለ። በአንድ ክፍል ውስጥ በወራት የሚበላለጡ ልጆች አሉ፤ የሰውነት ዕድገት ደግሞ ከወራት በላይ ያራርቃል። ወንዶች በፍጥነት የሚያድጉት በአማካይ በ13 እና በ14 ዓመት መካከል ቢሆንም አንዱ በ12፣ ሌላው በ16 ሊመዘዝ ይችላል። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ያልተመረጠ ልጅ ችሎታው ሳይሆን ቁመቱ ዘግይቶበት ሊሆን ይችላል።

ወላጅ ለአሠልጣኙ ቢደውል ምላሹ አጭርና የተጠነቀቀ ይሆናል። ልጁ ራሱ፣ ከአንድ ቀን በኋላ፣ ቀጠሮ ይዞ ቢጠይቅ ግን ብዙ አሠልጣኞች ደስ ብሏቸው ይመልሳሉ። ጥያቄዎቹ ሦስት ይበቃሉ፦ ከሁሉ የጎደለኝ ችሎታ የቱ ነው? እስከሚቀጥለው ሙከራ የት ብጫወት ይሻላል? ከወቅቱ ውጭ ክፍት ልምምድ አላችሁ? «እነ እገሌ ከኔ በምን ይሻላሉ» የሚለው ጥያቄ በሩን ይዘጋዋል፤ አሠልጣኝ ስለ ሌላ ልጅ አይናገርም።

«ማይክል ጆርዳንም ከቡድን ተባርሮ ነበር»

ልጅን ለማጽናናት የሚነገር ታሪክ ነው፤ እውነተኛው ታሪክ ግን ከሚወራው የበለጠ ያስተምራል። ጆርዳን በ1978 እ.ኤ.አ. ዊልሚንግተን፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ሌኒ ትምህርት ቤት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ከስፖርቱ አልተባረረም። ዋናው ቡድን ውስጥ ቦታው ለረጅም የክፍል ጓደኛው ሲሰጥ እሱ ወደ ጄቪ ተላከ፣ ዓመቱን ሙሉ እዚያ ተጫወተ፣ ቁመትም ጨምሮ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ዋናው ገባ። ስለዚህ ጄቪ የተመደበ ልጅ «አልተመረጥኩም» ብሎ አይተወው። ዋናው ቡድን ውስጥ ወንበር ከማሞቅ ጄቪ ላይ ሙሉ ጨዋታ መጫወት ይሻላል።

«ገንዘብ ከፍለን ትራቭል ክለብ እናስገባው»

ትራቭል ክለብ ከትምህርት ቤት ውጭ ያለ፣ ወደ ሌላ ከተማም እየተጓዘ የሚወዳደር የግል ክለብ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ ጥሩ ክለቦችም ሙከራ አላቸው፤ የእግር ኳስ ክለቦች ብዙውን ጊዜ የሚመርጡት በግንቦትና በሰኔ አካባቢ ነው፤ በነሐሴ ወይም በመስከረም ሲኬድ ቡድኑ ሞልቶ ይገኛል። ሁለተኛ፣ ወጪው በዓመት ሺዎች ዶላር ሊደርስ ይችላል፤ መለያ፣ የጉዞ ቤንዚን፣ ሆቴልና የውድድር ክፍያ ብዙ ጊዜ ከመመዝገቢያው ውጭ ናቸው። ሁሉንም በጽሑፍ ጠይቁ፣ የገንዘብ እርዳታ እንዳለም እንዲሁ። ሦስተኛ፣ ከፍለው ገብተው የማይሰለፉ ልጆች አሉ፤ ልጁ የሚያስፈልገው የጨዋታ ደቂቃ ነው።

ለብዙ ልጆች የሚሻለው የካውንቲው የመዝናኛና የፓርክ ክፍል የሚያዘጋጀው ሊግ ነው። ክፍያው ከክለቡ ጋር አይወዳደርም፣ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦችም በብዙ ቦታ ቅናሽ አለ፤ ዋይ ኤም ሲ ኤ (YMCA) የተባለው ድርጅትም በገቢ መጠን የክፍያ ድጋፍ ይሰጣል። ብዙዎቹ እነዚህ ሊጎች በትምህርት ቤት ቡድን ውስጥ ያለን ልጅ ስለማይቀበሉ፣ የሚገጥሙት እኩያዎች ናቸው። የሚያመልጠው ምዝገባው ነው። የክረምት ቅርጫት ኳስ ምዝገባ በብዙ ካውንቲ የሚዘጋው የትምህርት ቤቱ ሙከራ ሳያልቅ ወይም ወዲያው እንዳለቀ ነው። ስለዚህ ከሙከራው በፊት አስመዝግቡት፤ የትምህርት ቤቱ ቡድን ውስጥ ከገባ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነም ቀድማችሁ አረጋግጡ።

የኛው ማኅበረሰብ ቡድኖችም አሉ። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በሐምሌ 4 በዓል አካባቢ ውድድር የሚያካሂደው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ቡድኖች በየከተማው ይለማመዳሉ። አዋቂዎች ስለሚበዙባቸው የ14 ዓመት ልጅ ዝም ብሎ አይላክም፤ ለታዳጊዎች የተለየ ልምምድ ካለ ግን ዋጋው ከኳስ በላይ ነው።

«ሴት ልጅ ከሆነች ቢቀርባትስ?»

ወንድ ልጅ ሳይመረጥ ሲቀር ቤቱ ይሸበራል፣ ሴት ልጅ ስትቀር ግን ብዙ ጊዜ ማንም አይጠይቃትም። ይህ ልብ የሚነካ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች፣ ወንድ ሴት ሳይል፣ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ፣ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ደግሞ አጥንትና ጡንቻ የሚያጠነክር ይመክራል። የአጥንት ክምችት በብዛት የሚገነባው በእነዚህ ዓመታት ነው፤ ኋላ የሚመጣ የአጥንት መሳሳት የሚከላከለው አሁን በሚዘለለውና በሚሮጠው ነው።

«ክብደት ማንሳት ቁመት ያሳጥራል»

አያሳጥርም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በትክክል የተያዘና ክትትል ያለው የጥንካሬ ልምምድ ለታዳጊዎች ዕድገት ጎጂ እንዳልሆነ ያስረዳል። ጉዳት የሚመጣው ብቻውን፣ ከአቅም በላይ፣ ጀርባ ጎብጦ ሲነሣ ወይም ዕቃው ሲወድቅ ነው። የሚጀመረውም በብረት አይደለም። የመጀመሪያውን አንድ ወር በራስ ሰውነት ክብደት፦ ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ ፑሽ አፕ፣ በክርን ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ ማድረግ፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በመሐሉ ቢያንስ አንድ ቀን አርፎ፣ እያንዳንዱን ከ10 እስከ 15 ጊዜ ሁለት ዙር። ከዚያ ቀላል ክብደት ይጨመራል፤ ቅርጹ ሳይበላሽ 15 ጊዜ ሲያነሣ ብቻ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይጨምር። አንድ ጊዜ ብቻ የሚነሣውን ትልቁን ክብደት መሞከር ይቅር።

የዱቄት ማጠናከሪያዎች አያስፈልጉም። ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላልና ወተት ይበቃሉ። በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን የሚጾም ልጅ ከባዱን ልምምድ ወደ ምግብ ሰዓት ያስጠጋ፣ ለአሠልጣኙም አስቀድሞ ይንገር፤ ብዙዎቹ ያስተካክሉለታል።

«ዳኝነትና የቡድን ረዳትነት የተሸነፈ ሰው ሥራ ነው»

የቡድን ማኔጀር የሆነ ተማሪ ነጥብ ይመዘግባል፣ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ ልምምድ ያዘጋጃል፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች እንደ ተጫዋቾቹ ሁሉ የትምህርት ቤቱን የክብር ፊደል (ጃኬት ላይ የሚሰፋ ምልክት) ያገኛል። ጨዋታውንም ከአሠልጣኙ ጎን ሆኖ ይማራል።

ዳኝነት ደግሞ ይከፈላል። የእግር ኳስ የጀማሪ ዳኛ ፈቃድ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ከ13 ወይም 14 ዓመት ጀምሮ ይሰጣል፤ በኢንተርኔት የሚወሰድ ትምህርትና በአካል የሚሰጥ የሜዳ ልምምድ አለው፣ በየዓመቱም ይታደሳል። ፊሽካ፣ ሰዓት፣ ካርድና የዳኛ መለያ መግዛት ያስፈልጋል። አዳዲስ ዳኞች ቶሎ የሚተዉት በወላጆች ጩኸት ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች በትናንሽ ልጆች ውድድር፣ በመስመር ዳኝነት ይጀምር። ብዙ ቤተሰቦች የሚዘነጉት አንድ ነገር፦ ዳኛ ብዙ ጊዜ ደመወዝተኛ ሳይሆን በራሱ የሚሠራ ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ በዓመት የተጣራ ገቢው 400 ዶላር ከደረሰ ታዳጊም ቢሆን ታክስ ማስታወቅ አለበት። መዋኘት ለሚችል ልጅ ደግሞ የቀይ መስቀል የነፍስ አድን ሥልጠና ከ15 ዓመት ጀምሮ ይሰጣል፤ ከመግቢያ ፈተናው አንዱ 20 ያርድ ዋኝቶ፣ ጠልቆ 10 ፓውንድ ዕቃ አውጥቶ በ1 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ መመለስ ነው።

«ቡድን ውስጥ ከሌለ ኮሌጅ አይቀበለውም»

በሁለተኛ ደረጃ ከሚወዳደሩት ውስጥ ኮሌጅ ድረስ የሚቀጥሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ዲቪዥን ሦስት የሚባሉት ኮሌጆች ደግሞ የስፖርት ስኮላርሺፕ ጭራሽ አይሰጡም። ኮመን አፕ የተባለው የማመልከቻ ቅጽ እስከ አሥር የትርፍ ጊዜ ተግባር ያስመዘግባል፤ ዳኝነት፣ የእሁድ ሊግ፣ ሥራ፣ ታናናሾችን ማሳደግ ሁሉም ይቆጠራሉ። ቅጹ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት እንደሆነ ይጠይቃልና ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ መዝግቡ።

«በሚቀጥለው ዓመት ይሞክራል፣ እስከዚያ ይረፍ»

እንደገና የሚሞክር ልጅ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በወረቀት ነው። የጤና ምርመራ ቅጹ ካልገባ የሙከራው ቀን ሜዳ አይረግጥም። ለዚህ ሲባል ብቻ ክሊኒክ ሄዶ ከመክፈል፣ የዓመቱ መደበኛ ምርመራ ቀጠሮ ላይ ቅጹን ይዛችሁ ሂዱና የልጁ ሐኪም ይሙላው፤ ቅጹ የሚያገለግልበት ጊዜ በክፍለ ግዛት ስለሚለያይ ከትምህርት ቤቱ የስፖርት ክፍል ጠይቁ። ውጤትም መስፈርት ነው፤ ቴክሳስ ውስጥ አንድ ትምህርት ከ70 በታች የሆነበት ልጅ ለጊዜው ከውድድር ይታገዳል። የበልግ ስፖርት ምዝገባ ብዙ ጊዜ ሐምሌ አካባቢ ይከፈታልና፣ ቤተሰቡ የትምህርት ቤቱን ረጅም ዕረፍት አገር ቤት የሚያሳልፍ ከሆነ የመመለሻ ትኬቱን ከነሐሴ መጀመሪያ በፊት አድርጉት።