የአጥንት መሳሳት መድኃኒት፦ የሚባለውና እውነታው

ደብረ ብርሃን በምሠራበት ፋርማሲ አንዲት የመንዝ እናት ለአጥንት መሳሳት የታዘዘላቸውን የአሌንድሮኔት ክኒን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ይሄ ነገር ደረቴን አቃጠለኝ» አሉኝ። በምን እንደሚውጡት ጠየቅኳቸው። «በቡና ነዋ! በዚህ ብርድ ማን ውኃ ይጠጣል?» ውጠው ደግሞ ተመልሰው ጋደም ይላሉ።

«በቡና ቢዋጥ ምን ይላል?»
ብዙ ይላል። አሌንድሮኔት በባዶ ሆድ ተውጦ እንኳ ወደ ደም የሚገባው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ ቡና ይህችኑ ከግማሽ በላይ ይቀንሳታል። ወተትና ካልሲየም ይብሳሉ። ጠዋት እንደተነሱ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ብቻ ይዋጣል (ለብ ቢል ግድ የለም)፤ ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ መብላት፣ ሌላ መጠጣት፣ መጋደም የለም። ክኒኑ ጉሮሮ ላይ ከቆየ ያቆስላል። እማማን ግን «ውኃ ይጠጡ» ብዬ ብቻ አልሸኘኋቸውም፤ ማቃጠል ከጀመረ ክኒኑን አቁሞ ሐኪም ማየት ነው።

«ጿሚ ነኝ፣ አይሆንልኝም»
ባለ 70 ሚሊግራሙ በሳምንት አንዴ ነው። እኔ ቅዳሜን እመርጥላቸዋለሁ፤ ቅዳም ስዑር ብቻ ሲደርስ ወደ ፋሲካ ማግስት ይሻገራል።

«ወገቤን አላሻለኝም፣ አይሠራም»
የሕመም ማስታገሻ አይደለም። ሥራው አጥንት እንዳይሰበር መከላከል ነው፤ ያልተሰበረ አጥንት ደግሞ ለማንም አይታይም።

«መንጋጋ ያበሰብሳል»
ይህ ጉዳት አለ፤ ለአጥንት መሳሳት በሚሰጠው መጠን ግን እምብዛም አያጋጥምም። የሚነቀል ጥርስ ካለ ከመጀመር በፊት ማስነቀል ይሻላል።

«ካልሲየም ይበቃኛል»
ካልሲየም የካብ ድንጋይ ነው። ካቡን የሚንዱትን ሕዋሳት የሚገታው ግን መድኃኒቱ ነው፤ አጥንቱ ክፉኛ ለሳሳ ሰው ድንጋይ መከመር ብቻ አያድንም።

«ሲሻለኝ አቆማለሁ»
እዚህ ላይ መድኃኒቶቹ ይለያያሉ። አሌንድሮኔት አጥንት ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ፣ ከ5 ዓመት ገደማ በኋላ ሐኪሙ አይቶ ሊያሳርፍ ይችላል። በየ6 ወሩ የሚወጉት ዴኖሱማብ ግን ቢዘለል አጥንቱ በፍጥነት ይሳሳል፤ የጀርባ አጥንት ስብራትም ሊከተል ይችላል። ክረምት ገባ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ ተብሎ የሚተው አይደለም። ቀጠሮውን በቁጥር ስነግራቸው ስለሚጠፋባቸው በበዓል አስይዛቸዋለሁ፦ የጥር ሥላሴ የተወጋ፣ ቀጣዩ የሐምሌ ሥላሴ ነው።